የጠዋት የጣት ድርቀት ከዓመታት በፊት ይጀምራል

ጅማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጣቷ አልታጠፍ የሚላት ሴት መጀመሪያ የምትሰማው «ብርድ ነው» የሚል ነው። ከተማዋ ዝናብ ይበዛታልና ነገሩ እውነት ይመስላል። ቀጥሎ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተዪ» ትባላለች። ከዚያ ፋርማሲ ትሄድና ዳይክሎፌናክ ትገዛለች። ሲሻላት ታቆማለች፤ ሲመለስባት ደግማ ትገዛለች። አንዷ ጸበል ትጠመቃለች፤ ሌላዋ ዱዓ ታስደርጋለች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ብዙ ጊዜ አልፏል። ጣቶቿ ወደ ጎን መዝመም ጀምረዋል። ቡና የምትለቅምበት፣ ሊጥ የምታቦካበት፣ ልጅ የምታቅፍበት እጅ እንደ ድሮው አይታዘዝላትም።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። እውነተኛው ሪህ አለ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ አለ። ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴላ አለ። ቲቢም መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። እዚህ የማነሳው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን ነው፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበትን በሽታ። በዓለም ላይ ከ1000 አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል።

ስለዚህ በሽታ ባለፉት 30 ዓመታት የታወቀው ነገር አስተያየታችንን ሊቀይር ይገባል። ሕመሙ ጣት ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ምልክቱ ብዙ ጊዜ ደም ውስጥ ይገኛል። የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያ ላይ አይደለም። መነሻው ከተሠራ በኋላ ትንሽ የተለወጠ ፕሮቲን ነው። ይህን ማወቅ የጅማዋን ሴት በጊዜ ለመድረስ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምስርና ሥጋ ነው። ሰውነታችን ግን ፕሮቲኖቹን ራሱ ይሠራል። ጥሬ ዕቃው አሚኖ አሲድ ይባላል፤ 20 ዓይነት ነው። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰካ ዘረመላችን ያዛል። ትምህርት ቤት የተማርነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ሥራው ግን አላለቀም። ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ ይነካካል። ኢንዛይሞች ይቆርጡታል፤ ስኳር ይለጥፉበታል፤ ፎስፌት ይጨምሩበታል፤ አንዱን አሚኖ አሲድ ወደ ሌላ ይለውጡታል። እስካሁን የሚታወቁት የለውጥ ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው።

ያለ እነዚህ ለውጦች መኖር አንችልም። ለምሳሌ ደም የሚያረጉ አንዳንድ ፕሮቲኖች በቫይታሚን ኬ እርዳታ ካልተለወጡ በደንብ አይሠሩም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የገባላቸው ሰዎች የሚወስዱት ዋርፋሪን የደም መርጋትን የሚቀንሰው ይህንኑ ለውጥ በማደናቀፍ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ሌላ ለውጥ ያውቃል። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ የሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ይህን ልጠፋ የሚሠራ ኢንዛይም የለም። ስኳርና ፕሮቲን አንድ ላይ ሲቆዩ በራሱ ይሆናል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ያለፉትን ወራት ይመሰክራል። ቡና ሲቆላ ቡኒ የሚሆነውና ያን ሽታ የሚያወጣው በከፊል በዚሁ የኬሚስትሪ ቤተሰብ ነው። ፈረንሳዊው ማያር ይህን ግብረ መልስ የገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ምጣድ ላይ በደቂቃዎች የሚሆነው ደማችን ውስጥ በሳምንታት ይሆናል።

እንግዲህ የፕሮቲን መለወጥ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አንዳንዴ ወደ በሽታ የሚወስደው ለምንድን ነው?

መከላከያችን የማያውቀው መልክ

ከደረት አጥንታችን ጀርባ ታይመስ የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ። ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚፈተኑት እዚያ ነው። የሰውነታችን ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ ይቀርብላቸዋል። የራሳችንን ቁርጥራጭ አጥብቆ የሚይዝ ቲ ሴል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይወገዳል። ፈተናውን ያለፈው ወደ ደም ይወጣል።

ታይመስ ውስጥ የማይቀርብ ነገር ግን አለ። ሳንባ ወይም ድድ ውስጥ ብግነት ሲነሳ የሚለወጥ ፕሮቲን እዚያ በተለወጠ መልኩ ላይገኝ ይችላል። ያን መልክ የሚያጠቃ ቲ ሴል የሚያስቆመው ሳያገኝ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ የተለወጠውን ፕሮቲን ሲያገኘው እንግዳ ይሆንበታል። እኔ በዚህ ምክንያት «ሰውነት አበደ» የሚለውን አባባል አልወደውም። መከላከያው የተማረውን እየሠራ ነው። የተቀየረው የሚያየው ነገር ነው።

ወደ ራስን ማጥቃት የሚወስድ ሌላም መንገድ አለ፤ አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፤ እኛ ቶንሲል የምንለው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነና በወጉ ካልታከመ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ሊያብጥ፣ ልብም ሊነካ ይችላል። እዚህ የተለወጠ ፕሮቲን አያስፈልግም። የባክቴሪያው ፕሮቲን የልባችንን ስለሚመስል መከላከያው ሁለቱን አይለይም። ፔኒሲሊን በጊዜ መውሰድ ይህን ያስቀራል። እንጥል ማስቆረጥ ግን አያስቀረውም፤ ለሕፃኑ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው የሚተርፈው። ይህን ሳልል ማለፍ አልፈለግሁም።

34 ዓመት የፈጀ ፍለጋ

የሩማቶይድ ነገር የተገለጠው በዝግታ ነው። በ1964 ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የሕመምተኞችን ደም ከጤነኛ ሰው ጉንጭ ውስጥ ከተፋቀ ሴል ጋር አገናኙት። ደሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ፣ ማለትም መከላከያው እንግዳ ያለውን ነገር የሚይዝበት ፕሮቲን፣ ከሴሉ ኒውክለስ ዙሪያ ባሉ ፍሬዎች ላይ ተለጠፈ። ምን ላይ እንደተለጠፈ አልታወቀም። በ1979 ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር በአይጥ የምግብ ቧንቧ ላይ አዩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፊላግሪን የሚባል የቆዳ ፕሮቲን ተጠረጠረ። ይህ ግራ ያጋባ ነበር። ፊላግሪን መገጣጠሚያ ውስጥ አይገኝም። የቆዳ ፕሮቲን የሚፈልግ አንቲቦዲ ጣት ላይ ምን ያደርጋል?

መልሱ በ1998 መጣ። አንቲቦዲው የሚፈልገው ፊላግሪንን ሳይሆን ፊላግሪን ላይ ያለውን ለውጥ ነበር። አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሲትሩሊን ተቀይሮ ነበር። ሲትሩሊን ከ20ዎቹ ውስጥ የለም። ዘረመላችን ሲትሩሊን ሰካ ብሎ ማዘዝ አይችልም። ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ከተሠራ በኋላ ሲለወጥ ብቻ ነው። ያው ለውጥ መገጣጠሚያ ውስጥ በሚገኙ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይም ይታያል፤ በፋይብሪኖጅን፣ በቪሜንቲን፣ በኮላጅን ላይ። ምሥጢሩ ተፈታ።

ለውጡ ትንሽ ነው። የፕሮቲኑ ክብደት ከአንድ ሃይድሮጅን አቶም ባልበለጠ ይቀየራል። ነገር ግን አርጂኒን ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው፤ ሲትሩሊን የለውም። ፕሮቲን መልኩን የሚይዘው በከፊል በእነዚህ ቻርጆች መሳሳብና መገፋፋት ነው። ቻርጁ ሲጠፋ እጥፋቱ ይላላል፤ ተደብቆ የነበረው ይጋለጣል።

ለውጡን የሚሠሩት ፓድ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሰው ውስጥ አምስት ዓይነት አሉ። ለመሥራት ብዙ ካልሲየም ይፈልጋሉ። ጤነኛ ሴል ውስጥ ካልሲየም ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋሉ። ሴል ሲጎዳ ወይም ሲሞት ካልሲየም ከውጭ ይጎርፋል፤ ኢንዛይሙ ይነቃል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ባክቴሪያ ለመያዝ የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ የሚዘረጉበት ጊዜ አለ። ለዚያም አንዱ ፓድ ያስፈልጋቸዋል። መረቡ በተለወጡ ፕሮቲኖች የተሞላ ነው።

አሁን ወደ ዘር ጉዳይ እንምጣ። «በቤተሰባችን አለ» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች ቁርጥራጮችን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ለቲ ሴል ያሳያሉ። ኪሱ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1987 ለሩማቶይድ የሚያጋልጡ የኤችኤልኤ ዓይነቶች አንድ የጋራ ቅርጽ እንዳላቸው ታወቀ። የዚህ ቅርጽ ኪስ ራሱ ፖዘቲቭ ነው። ፖዘቲቭ የሆነውን አርጂኒን ይገፋዋል። ሲትሩሊንን ግን ይቀበለዋል። እዚህ ላይ ዘርና ፕሮቲን ተገናኙ። እኔ ከዚህ ሁሉ ሳይንስ የበለጠ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ አንድ ቻርጅ መጥፋቱ አንድን ቁርጥራጭ ለመከላከያው የሚታይ ያደርገዋል።

ሳንባና ድድ

ዘር ብቻውን አያሳምምም። አንድ ዓይነት ዘር ካላቸው መንትዮች አንዱ ሩማቶይድ ሲይዘው ሌላው አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም። የሚጨመር ነገር አለ።

በጣም የተረጋገጠው ሲጋራ ነው። በ2006 የወጣ የስዊድን ጥናት አጫሾችን ከማያጨሱ ጋር አነጻጸረ። ከሁለቱም ወላጅ አጋላጭ ኤችኤልኤ የወረሱና የሚያጨሱ ሰዎች፣ ሁለቱም ከሌሉባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሲትሩሊን አንቲቦዲ ያለበትን ሩማቶይድ የመያዝ ዕድላቸው 21 እጥፍ ነበር። የአጫሾች ሳንባ ውስጥም የተለወጡ ፕሮቲኖች ተገኝተዋል። ጭሱ ሳንባን ያቆስላል፤ ሴል ይሞታል፤ ፓድ ይነቃል። መከላከያው የተለወጠውን ፕሮቲን መጀመሪያ የሚያየው ሳንባ ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ከጣት በጣም ርቆ። የሲሊካ አቧራም እንዲሁ ያጋልጣል። ድንጋይ የሚቆርጡና የሚፈጩ ወጣቶች አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ሲሠሩ ሳይ የምጨነቀው ለሳንባቸው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ድድ ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው የድድ ባክቴሪያ አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን የሚቀይር የራሱ ኢንዛይም አለው። ከባክቴሪያዎች ይህን ማድረጉ ብርቅ ነው። በ2016 ደግሞ ሌላ የድድ ባክቴሪያ የኒውትሮፊሎችን ግድግዳ በመርዙ እየበሳ ካልሲየም እንደሚያስገባና የሴሉን የራሱን ፓድ እንደሚያነቃ ታወቀ። ሁለት ባክቴሪያ በሁለት መንገድ አንድ ቦታ ደረሱ። ከድዱ ደም የሚፈሰው ሰው ሁሉ ሩማቶይድ ይይዘዋል ማለት አይደለም። ግን የሚደማ ድድን ችላ አንበል። በመፋቂያም ይሁን በብሩሽ፣ ዋናው በየቀኑ ማጽዳቱ ነው። በቤታችን ጥርስ የሚታየው ሲያም ብቻ መሆኑ መቅረት አለበት።

ሲትሩሊን ብቸኛው ለውጥም አይደለም። በ2011 ካርባሚሌሽን በሚባል ሌላ ለውጥ ላይ የሚነሱ አንቲቦዲዎች በሩማቶይድ ሕመምተኞች ተገኙ። እዚያ የሚለወጠው ላይሲን ነው። ይህ ለውጥ በሲጋራ፣ በብግነትና ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል።

ደሙ ቀድሞ ያውቃል

አሁን ለሐኪሙ ጠቃሚ ወደሆነው ልምጣ። የተለወጠውን ፕሮቲን የሚፈልገውን አንቲቦዲ የሚለካ ምርመራ አለ። አንታይ ሲሲፒ ይባላል። በ2004 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቀደም ሲል ደም ለግሰው የነበሩና በኋላ ሩማቶይድ የያዛቸው ሰዎች የተቀመጠ ደም ተመረመረ። ግማሽ ያህሉ ከመታመማቸው በፊት ይህ አንቲቦዲ ወይም ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ሌላ አንቲቦዲ ነበረባቸው። ከምልክቱ መጀመሪያ በፊት የነበረው ጊዜ መካከለኛው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። ሴቲቱ «ዘንድሮ ጀመረኝ» ስትል ደሟ ውስጥ ከተጀመረ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

እኛ ዘንድ ለመገጣጠሚያ ሕመም በብዛት የሚታዘዙት ሩማቶይድ ፋክተርና ኤኤስኦ ናቸው። ኤኤስኦ የሚናገረው ስለ ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ ስለ ሩማቶይድ አንዳች አይነግረንም። ሩማቶይድ ፋክተር ደግሞ ሰበበኛ ነው። በጉበት ቫይረስ፣ በቲቢ፣ በቂጥኝና በሌሎች ረጅም ኢንፌክሽኖች ፖዘቲቭ ይሆናል። ኢንፌክሽን በበዛበት አካባቢ አንድ ፖዘቲቭ ወረቀት ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ብዙ ጥናቶችን በአንድ ያጠቃለለ የ2007 ትንታኔ እንዳሳየው ሩማቶይድ ፋክተርና አንታይ ሲሲፒ ከታመሙት ውስጥ የሚያገኙት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ። ልዩነቱ ያልታመመውን በመለየት ላይ ነው። ሩማቶይድ ፋክተር ሩማቶይድ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 85ቱን በትክክል «የለብህም» ይላቸዋል። አንታይ ሲሲፒ 95ቱን።

ለጅማ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የነቃ ቲቢ ያለበት ሰው አንታይ ሲሲፒው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ደማቸው ሲትሩሊን ያለበትንም የሌለበትንም ቁርጥራጭ ስለሚይዝ የሩማቶይዱን አይመስልም፤ ተራው ምርመራ ግን ይህን አይለይም። ስለዚህ ሳል፣ የማታ ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው መጀመሪያ ለቲቢ ይታይ። ይህ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ሩማቶይድን የሚያክሙ መድኃኒቶች መከላከያን ስለሚያበርዱ የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

አንታይ ሲሲፒ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም። በ2010 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ያወጡት መመደቢያ በነጥብ የሚሠራ ነው፤ ከ10 ነጥብ 6 ይበቃል። ከ10 በላይ መገጣጠሚያ ከተነካና ከእነሱ ቢያንስ አንዱ ትንሽ መገጣጠሚያ ከሆነ 5 ነጥብ ነው። ሕመሙ 6 ሳምንት ከሞላው 1 ነጥብ። ይኸው 6 ሞላ፤ ሲሲፒ የለ፣ አዲስ አበባ የለ። ብግነትን የሚያሳየው ኢኤስአር የሚባለው ርካሽ ምርመራም ከፍ ካለ 1 ነጥብ ይጨምራል። ሌላ ምክንያት አለመኖሩን የሚያጣራ፣ እጅ ይዞ መገጣጠሚያ የሚቆጥር ሐኪም ብዙ መሥራት ይችላል።

ስንዴና ጤፍ

የተለወጠ ፕሮቲን ጉዳይ በመገጣጠሚያ አያበቃም። ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ስንዴ፣ ገብስና አጃ መሰል የሆነው ራይ ውስጥ ግሉተን አለ። ግሉተን ውስጥ ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ ሞልቷል። የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ያለ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይህን ወደ ግሉታሜት ይቀይረዋል። ግሉታሜት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሲሊያክ የሚይዛቸው ሰዎች የኤችኤልኤ ኪስ ደግሞ ኔጋቲቭ ይወዳል። ከሩማቶይዱ ጋር ስናነጻጽረው፣ እዚያ ፖዘቲቭ ጠፋ፤ እዚህ ኔጋቲቭ ተጨመረ። በሁለቱም ቁርጥራጩ ኪሱ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀመጠ። በ1997 ደግሞ የሕመምተኞቹ አንቲቦዲ የሚያጠቃው ራሱን ያን ለዋጭ ኢንዛይም እንደሆነ ታወቀ።

ሲሊያክ ከሁሉም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የሚለወጠው ፕሮቲን ከውጭ በምግብ ይመጣል። ስለዚህ ምግቡ ሲቀር በሽታው ይበርዳል። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቆሎና ማሽላም የላቸውም፤ የእንሰቱ ቆጮም እንዲሁ። በጅማ ዙሪያ ያለ ገበታ ለሲሊያክ ሕመምተኛ ምቹ ነው ማለት ይቻላል፤ እንጀራው ገብስ ወይም ስንዴ እስካልተቀላቀለበት ድረስ። ይህ ማለት ግን ጤነኛ ሰው ዳቦ ይተው ማለት አይደለም። ሩማቶይድ ያለባትም ሴት ሥጋ መተዋ፣ ዳቦ መተዋ በሽታዋን አያድናትም። ምግብ በማጉደል ብዙ እናቶች ያለ ጥቅም ደክመዋል።

በ2021 ይህን የአንጀት ኢንዛይም የሚያግድ ክኒን ተሞክሮ፣ ሕመምተኞች ለስድስት ሳምንት ግሉተን እየበሉ የአንጀታቸው ጉዳት መቀነሱ ታየ። ለውጡን የሚያግድ መድኃኒት ሊሠራ እንደሚችል አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

የወጣቱ ስኳር

ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2016 ተመራማሪዎች ከቆሽት ሴሎች ውስጥ የኢንሱሊን ቁርጥራጭ ከሌላ ፕሮቲን ቁርጥራጭ ጋር ተጋጥሞ አገኙ። እንዲህ ያለ ውሁድ በዘረመላችን ውስጥ የለም። የሕመምተኞች ቲ ሴል ግን ያጠቃዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር አስፈላጊ የሆነ ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ቀጭን፣ ወጣት፣ ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ ገበሬ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። መጽሐፉን አይቶ «ዓይነት አንድ ነው፤ ራሱን አጥቅቶ ነው» ማለት ይቀላል። በ2025 የወጣ የካሜሩን፣ የኡጋንዳና የደቡብ አፍሪካ ጥናት ግን ዓይነት አንድ ከተባሉት ወጣቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚጠበቁት አንቲቦዲዎች እንደሌሏቸው አሳየ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓይነት አምስት ብሎ እውቅና ሰጠው። የሚያጠቃ አንቲቦዲ በሌለበት ሁሉን ራስን ማጥቃት ማለት ስህተት ነው። የወጣቱ ሕክምናም የኢንሱሊኑም መጠን በዚህ ሊለያይ ይችላል።

ከመታመም በፊት ማከም ይቻላል?

ደሙ ቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ለምን ቀድመን አናክምም? ይህ ጥያቄ በ2024 አንድ መልስ አገኘ። በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ 213 ሰዎች ተመረጡ። አንቲቦዲው አለባቸው፤ መገጣጠሚያቸው ያማል፤ ገና አላበጠም። ግማሾቹ አባታሴፕት የሚባል መርፌ ለአንድ ዓመት ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ መርፌውን ከወሰዱት 6 በመቶው፣ ካልወሰዱት 29 በመቶው በሽታው ወጣባቸው። መርፌው ከቆመ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ፤ በሁለተኛው ዓመት 25 እና 37 በመቶ ሆነ። መርፌው በሽታውን ማዘግየት ችሏል፤ ጨርሶ መንቀል ግን ገና ነው።

አባታሴፕት ውድ ነው። የጅማዋ ሴት ነገ አታገኘውም፤ ማግኘት የሚገባትም መጀመሪያ እሱን አይደለም። በ1980ዎቹ ለሩማቶይድ የጸደቀው ሜቶትሬክሴት ርካሽ ነው፤ ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። የአውሮፓ መመሪያ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ በስፔሻሊስት እንዲታይ፣ መድኃኒቱም በ3 ወር ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። በሽታው አጥንት መብላት የሚጀምረው ቀድሞ ነው፤ የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል። አጥንቱን ግን አያድንም፤ ሲበዛም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድም ለጊዜው ተአምር ይመስላል። ያለ ሐኪም ለወራት ሲወሰድ ግን ስኳርና ግፊት ያመጣል፤ አጥንት ያሳሳል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር በመላክ የታወቀ ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለው መለያው ነው። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ውኃ ይጠይቃሉ። ሦስት ጥያቄ ቢጨመርላቸው እመኛለሁ። ጠዋት ስትነሺ ጣትሽ ለመፍታታት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል? የጣቶችሽ መጋጠሚያ አብጧል? ከስድስት ሳምንት በላይ ቆየ? እጇን ሲጨብጧት ካመማትና ለጥያቄዎቹ አዎ ካለች፣ ወደ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት ትያዝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይህን መጠየቅ ትችላለች። መሣሪያ አይጠይቅም።

ሕክምናው ሲጀመር አንድ ነገር ቤተሰቡም ይስማ። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። ቀኑ ተመርጦ በካርዱ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል። ደምና ጉበት በየጊዜው ይታያል። ማርገዝ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ወደ ሌላ ይቀየርላታል።